አቧራውን ማን ይመዝነዋል? የቫኪዩም ክሊነር ግዢ የመቶ ሃያ ዓመት ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 በሉክሰምበርግ የተሰየመው የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት፣ በመላው ኅብረት በሚሸጥ ቫኪዩም ክሊነር ላይ እንዲለጠፍ ታዝዞ የነበረውን ባለቀለም የኃይል ፍጆታ መለያ ሻረ። የመለያውን ጉድለት ለመናገር ቀላል ነው። በላዩ የሰፈረው ደረጃ የሚሰጠው ማሽኑ የአቧራ ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ሲፈተሽ ነበር። በሰው ቤት ውስጥ ግን ማጠራቀሚያው ባዶ የሚሆነው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ማሽኑ የሚገዛው አቧራ እንዲይዝ ነውና።

ስለ አንድ የቤት ዕቃ ይህን ያህል ሙግት መነሣቱ ሊያስገርም ይችላል። ነገር ግን የቫኪዩም ክሊነር ገዢ ዕቃው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ የሚያጋጥመው ችግር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚወስደውን ነገር ዋና ጠባይ ማየት አይችልም። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመውና ለ2001 የኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ ዋነኛ በሆነው ጽሑፉ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ ጥሩውን እያስወጣ እንደሚሄድ በአሮጌ መኪና ምሳሌ አሳይቷል። ቫኪዩም ክሊነር በዚህ ረገድ ከአሮጌ መኪናም ይብሳል። መጥፎ መኪና ውሎ አድሮ መንገድ ላይ ይቆማል፤ መጥፎ ቫኪዩም ክሊነር ግን እየጮኸ ይሠራል፣ ምንጣፉም ከላይ ሲታይ የጸዳ ይመስላል። ከምንጣፉ ክር ሥር የቀረውን አቧራ ባለቤቱ ዕቃውን ገዝቶ ለዓመታት ከተጠቀመበት በኋላም አያየውም።

ስለዚህ የዚህ ዕቃ ታሪክ በአብዛኛው ገዢውን ለማሳመን በየዘመኑ የቀረቡ ማስረጃዎች ታሪክ ነው። ማስረጃውን ማን አዘጋጀው፣ በምን መስፈሪያ ለካው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በሲያትል ወይም በፍራንክፈርት መደብር ውስጥ ለቆመ ገዢም፣ የሸማች ጥበቃ ሕግ ለሚያወጣ መንግሥትም እኩል ይጠቅማል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የተሸጠው አገልግሎቱ ነበር

በ1901 ኸበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ የጽዳት መሣሪያ ለሕዝብ ሲታይ ተገኘ። መሣሪያው አየር እየነፋ አቧራን የሚያባርር ነበር፤ የተባረረው አቧራ ግን ተመልሶ ይሰፍራል። ቡዝ ከመንፋት መሳብ እንደሚሻል አሰበ። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ መሐረቡን በወንበር ጨርቅ ላይ አንጥፎ አየሩን በአፉ ወደ ውስጥ ሳበ፤ በመሐረቡ ላይ የቀረው ጥቁር ምልክት ሐሳቡ ትክክል መሆኑን አረጋገጠለት። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ኩባንያ አቋቋመ።

የቡዝ ማሽን ቤት የሚገባ አልነበረም። በነዳጅ ሞተር የሚሠራ፣ በፈረስ የሚጎተት ቀይ ጋሪ ሲሆን ከደጅ ይቆምና ረጃጅም ቱቦዎቹ በመስኮት ይገባሉ። በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ የዘውድ በዓል የዌስትሚንስተር አቢ ምንጣፎች የጸዱት በዚህ ማሽን ነው። የለንደን ባለጸጎች ጋሪው ወደ ቤታቸው በሚመጣበት ቀን እንግዶች ይጠሩ ነበር። በቱቦው ላይ ግልጽ ክፍል ተገጥሞለት ስለነበር ከገዛ ቤታቸው እየተሳበ የሚወጣውን ቆሻሻ በዓይናቸው ይመለከቱ ነበር።

ይህ ጅምር ብዙ ጊዜ እንደ አስቂኝ ትዝታ ይነገራል፤ ለኢኮኖሚ ግን ቁም ነገር አለው። ደንበኛው የገዛው አገልግሎቱን እንጂ ማሽኑን አልነበረም። ሞተሩ ቢበላሽ፣ ቱቦው ቢቀደድ ወይም ነዳጁ ቢወደድ ጉዳቱ የኩባንያው ነው። ቤቱ በሚገባ ካልጸዳም ጋሪው ሁለተኛ አይጠራም። ማሽኑን የመምረጥና የመጠገን ሸክም ስለ ማሽን በሚያውቀው ወገን ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው። የዚህ አሠራር ጉድለት ዋጋው ነበር፤ ጋሪና ሠራተኞች ማስጠራት የሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

አሥር ቀን በነጻ

ማሽኑን ወደ ተራው ቤት ያስገባው ሌላ ሰው ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ በሚገኝ መደብር የጽዳት ሠራተኛ ነበር። የአስም ሕመም ስለነበረበት መጥረጊያው የሚያስነሣው አቧራ ያሠቃየው ነበር። በ1907 የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አቧራ መሳቢያ ሠራ፤ በ1908 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ለማስፋፋት ግን ገንዘብ አልነበረውም። መብቱን የገዛው በዚያው አካባቢ የቆዳ ዕቃ አምራች የነበረው ዊልያም ሁቨር ነው። መኪና እየተስፋፋ ሲሄድ የፈረስ ዕቃ ገበያ እንደሚቀዘቅዝ የተረዳ ነጋዴ ስለነበር ሌላ ሥራ ይፈልግ ነበር።

ሁቨር በ1908 መጨረሻ በአንድ ታዋቂ አሜሪካዊ መጽሔት ላይ ማሽኑን በቤታቸው ለአሥር ቀን በነጻ እንዲሞክሩ አንባቢዎችን ጋበዘ። ለጻፉለት ሰዎች ማሽኑን በቀጥታ አልላከም፤ በየከተማቸው ለሚገኝ አንድ መደብር ልኮ መደብሩ እንዲያደርስላቸው አደረገ። ደንበኛው ቢገዛ መደብሩ ድርሻ ያገኛል፣ የኩባንያውም ወኪል ይሆናል። በዚህ መንገድ አንድ ማስታወቂያ ገዢንም የሽያጭ መረብንም አስገኘ።

የአሥሩ ቀን ሙከራ ከሽያጭ ዘዴነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ዕቃው ተመልሶ እንደሚመጣበት የሚያውቅ አምራች እንዲህ ያለ ግብዣ አያቀርብም፤ ኪሳራው የራሱ ነውና። ሻጭ በቃል ከሚሰጠው ምስክርነት ይልቅ ቢዋሽ የሚያስከፍለው ተግባር ይታመናል። ገዢው ማስረጃ ያስፈልገው የነበረው ደግሞ ዋጋው ከባድ ስለነበረ ነው። የመጀመሪያው የሁቨር ማሽን ከ60 ዶላር ያላነሰ ይሸጥ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1914፣ ሄንሪ ፎርድ ዓለምን ያስደነቀ ደመወዝ ሲያውጅ የቀን ክፍያው 5 ዶላር ነበር። በዚያ ከፍተኛ ደመወዝ እንኳ ማሽኑ የአሥራ ሁለት ቀን ሥራ ይፈጃል።

ይህን ክፍተት የሞላው ብድር ነው። በ1920ዎቹ ቫኪዩም ክሊነር ከመኪናና ከራዲዮ ጋር አብሮ በየወሩ ክፍያ ከሚሸጡት ዕቃዎች ግንባር ቀደም ሆነ። በስዊድን በ1919 የተመሠረተው የኤሌክትሮሉክስ መሪ አክሰል ቬነር ግሬን የዘመኑን ሁለት መሣሪያዎች አጣመረ፤ ሻጩ ቤት ለቤት እየሄደ ማሽኑን ያሳያል፣ ቤተሰቡም ዋጋውን ቀስ በቀስ ይከፍላል። ድምር ዋጋው ከገዢው ዓይን ራቀ፤ የሚነገረው የወር ክፍያው ሆነ።

ማስረጃውም በዚሁ ዘመን ባሕርዩን ለወጠ። ሻጩ ሳሎን ገብቶ ከቦርሳው ቆሻሻ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ይበትናል፣ ወዲያውም በማሽኑ ስቦ ያነሣዋል። ትርኢቱ ያሳምናል፤ የሚያረጋግጠው ነገር ግን ጥቂት ነው። አሁን የተበተነ ልቅ አቧራ ከምንጣፍ ላይ ለማንሣት ማናቸውም ማሽን አይቸገርም። የሚያስቸግረው በእግር እየተረገጠ ክሩ ሥር የገባው አሸዋ ነው። የአቧራውን ዓይነት፣ የበተነበትን ቦታና የሙከራውን ርዝመት የመረጠው ሻጩ ራሱ ነው፤ ለንጽጽር የሚቀርብ ሌላ ማሽንም በክፍሉ ውስጥ የለም።

መንግሥታት ይህን ለመገንዘብ ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀባቸው። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ1972 ያወጣውና በ1974 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ በቤቱ ውል የፈረመ ሸማች በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሐሳቡን እንዲለውጥ ፈቀደ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1985 ቢያንስ ሰባት ቀን ሰጠ፤ በ2011 የወጣው መመሪያ ጊዜውን ወደ 14 ቀን አሳደገው። የሁለቱም ሕጎች መነሻ አንድ ነው፤ እንግዳ ሆኖ የገባን ሻጭ እምቢ ማለት የሚከብድበት ሳሎን እንደ ገበያ አደባባይ አይቆጠርም።

የሚከፍለውና የምትገፋው

ማሽኑ የገባው ቃል ንጽሕናን ብቻ የሚመለከት አልነበረም፤ ትርፍ ጊዜንም ይሰጣል ተብሎ ነበር። ጆአን ቫኔክ በ1974 ባሳተመችው ጥናት፣ በ1920ዎቹ ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ የሌላቸው አሜሪካውያት ሴቶች ለቤት ሥራ በሳምንት 52 ሰዓት ያህል ያውሉ እንደነበር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሰዓቱ 55 እንደደረሰ አመለከተች። ስሌቱ በኋላ ተመራማሪዎችን ቢያከራክርም፣ ማሽኖቹ ሰዓቱን የተጠበቀውን ያህል አለመቀነሳቸው ትኩረት ሳበ። የታሪክ ምሁሯ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በ1983 መጽሐፏ ምክንያቱን አስረዳች። ቀድሞ ከባድ ምንጣፍ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ወደ ደጅ ይወጣና ይደበደባል፤ በዚያ ሥራ ወንዶችና ልጆችም ይሳተፉ ነበር። ማሽኑ ሲመጣ ያ የዓመት ሥራ የሳምንት ሥራ ሆነ፣ ሠራተኛዋም እናት ብቻ ሆነች። ድካሙ ቀለለ፤ የንጽሕናው መለኪያ ግን አብሮ ከፍ አለ።

ከዚህ አንድ የግዢ ጥያቄ ይወጣል። የሚከፍለው ሰውና ማሽኑን የምትገፋው ሴት አንድ ሳይሆኑ ሲቀሩ፣ ክብደት፣ ጩኸትና ለወገብ የማይመች እጀታ በዋጋው ውስጥ አይቆጠሩም። ከፋዩ የሚያየው ዋጋውንና የታወቀውን ስም ነው፤ የሚያደክመውን የምታውቀው ሌላዋ ናት።

ይህ ልዩነት ዛሬ በጉልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቤይሩት ያሉ፣ ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞች የሚያገለግሉባቸው ቤቶች ናቸው። ብዙዎቹ ይህን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ የጨበጡት በሰው አገር፣ በሰው ቤት ነው። በከፋላ ሥርዓት አሠሪ የመቀየር መብታቸው በተገደበበትና ደመወዛቸው ዝቅተኛ በሆነበት ሁኔታ ማሽኑ የሥራ ሰዓታቸውን ለማሳጠር አይገዛም። ከዚያው ሰዓት የበለጠ የጸዳ ቤት ለማግኘት ይገዛል። ቴክኖሎጂ የሰው ጉልበትን የሚያሳርፈው ጉልበቱ ዋጋ ሲኖረው፣ ባለቤቷም ስለ ሥራዋ የመናገር መብት ሲኖራት ነው። ጉልበቱ በረከሰበት ቤት የትኛውም የተሻለ ማሽን ዕረፍት አያመጣም።

ከረጢቱ፣ ትኬቱና ዋቱ

ገዢ ጥራትን መለየት በማይችልበት ገበያ ሻጮች በሌላ ነገር ይወዳደራሉ። የዚህ ጉልህ ምሳሌ በ1992 በብሪታንያ ታየ። የሁቨር የብሪታንያ ቅርንጫፍ ከ100 ፓውንድ በላይ ዕቃ ለገዛ ሰው ሁለት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት፣ በመጀመሪያ ወደ አውሮፓ በኋላም ወደ አሜሪካ፣ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ትኬቱ ከማሽኑ የበለጠ ዋጋ ስለነበረው ሕዝቡ ቫኪዩም ክሊነሩን ለጉዞው ሲል ገዛ። ኩባንያው 50 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ከሰረ፣ ጉዳዩ ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ፣ የኩባንያው የአውሮፓ ንግድም በ1995 ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ። በዚያ ሁሉ ሽያጭ መካከል የትኛው ማሽን ምንጣፍ በተሻለ ያጸዳል የሚለው ጥያቄ ቦታ አልነበረውም።

ጸጥ ያለው ወጪ ደግሞ ከረጢቱ ነው። የወረቀት ከረጢት ያለው ማሽን በተገዛ ቁጥር አምራቹ ለዓመታት የሚቆይ የከረጢት ደንበኛ ያገኛል። ከረጢቱ አቧራ በሞላ መጠን ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ የአየሩ ፍሰት ይቀንሳል፣ የመሳብ ኃይሉም ይዳከማል። ጄምስ ዳይሰን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሠራው ይህን ችግር ለማስወገድ ነው። አየሩን በኃይል እያሽከረከረ አቧራውን የሚለይ፣ ከረጢት የማያስፈልገው ማሽን እስኪሳካለት 5,127 ናሙናዎች እንደሠራ ተናግሯል። በ1993 ለብሪታንያ ገበያ ያቀረበው ማሽን ማጠራቀሚያው ግልጽ ስለነበር የተሳበው ቆሻሻ ከውጭ ይታያል። ከቡዝ ቱቦ ዘጠና ዓመት በኋላ ገዢው እንደገና አቧራውን እንዲያይ ተጋበዘ። ያም ሆኖ በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚታየው የተነሣው አቧራ ነው፤ ምንጣፉ ውስጥ የቀረው አሁንም አይታይም።

በዚህ ሁሉ መካከል መደብሮች ለገዢው ያቀረቡለት ቀላሉ ቁጥር ዋት ነበር። ብዙ ዋት ያለው ማሽን የበለጠ ያጸዳል ተብሎ ስለታመነ በአውሮፓ ከ2,000 ዋት በላይ የሆኑ ማሽኖች ተበራከቱ። ዋት የሚለካው ግን ማሽኑ ከግድግዳው የሚወስደውን ኃይል ነው። ያ ኃይል ምን ያህሉ ለጽዳት እንደዋለ፣ ምን ያህሉ በሙቀትና በጩኸት እንደባከነ አይናገርም። አምራቹ ማሽኑን ከማሻሻል ይልቅ ቁጥሩን ማሳደግ ይቀለው ነበር፤ የመብራት ሂሳቡን የሚከፍለው ገዢው ነውና።

የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 ሁለት ደንቦች አወጣ። አንደኛው የማሽኑን ኃይል ከሴፕቴምበር 2014 ጀምሮ ከ1,600 ዋት፣ ከሴፕቴምበር 2017 ጀምሮ ደግሞ ከ900 ዋት በታች እንዲሆን አዘዘ። ቱቦው እንዳይቀደድ፣ ሞተሩም ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲሠራ የሚያስገድድ መስፈርት ጨመረ። በ2014 ክረምት ብዙ ብሪታንያውያን የሚታገዱትን ትላልቅ ማሽኖች ለመግዛት ተሻሙ፤ በቁጥሩ ላይ የነበራቸው እምነት ያን ያህል ጽኑ ነበር። አምራቾቹ ግን የአየር መንገዱንና የመጥረጊያ አፉን አሻሽለው በግማሽ ኃይል የሚያጸዱ ማሽኖች አቀረቡ።

የተሰናከለው ሁለተኛው ደንብ፣ መለያው ነው። ዳይሰን ኩባንያ ባዶ ማጠራቀሚያን መፈተሽ ሸማቹን ያሳስታል ብሎ ከሰሰ። ኩባንያው የራሱ ጥቅም ነበረው፤ ሲሞላ ኃይሉ የማይደክም ማሽን የሚሸጥ አምራች በባዶ ፈተና ብልጫው አይታይለትም። በ2015 ጠቅላላ ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ አደረገ። በ2017 የበላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ መለሰው፤ በ2018 ደንቡ ተሻረ፣ በጃንዋሪ 2019 መለያው ከገበያ ተነሣ። የዋት ጣሪያው ግን ጸንቶ ቆየ።

ኮሚሽኑ ባዶውን ማጠራቀሚያ የመረጠው በተንኮል አልነበረም። ባዶ ማሽን በየትኛውም ቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ አቧራ የተሸከመ ማሽን ውጤቱ ይለዋወጣል። ለመለካት የሚመቸውና ለሸማቹ የሚያስፈልገው ተለያዩ፣ ምርጫውም ለሚመቸው ሆነ። የትምህርት ጥራትን በተማሪ ብዛት፣ የጤና አገልግሎትን በሕንፃ ቁጥር የለካ ባለሥልጣን ይህን ስሕተት በሚገባ ያውቀዋል።

ሌላው መንገድ ከሻጩም ከሚኒስቴሩም የራቀ መለኪያ ነው። በአሜሪካ በ1936፣ በብሪታንያ በ1957 የተቋቋሙ የሸማቾች ማኅበራት፣ በምዕራብ ጀርመን ደግሞ በ1964 በመንግሥት የተመሠረተው ሽቲፍቱንግ ቫረንቴስት፣ ዕቃዎችን እንደ ተራ ገዢ ከመደብር ገዝተው ይፈትሻሉ። አንድ ቤተሰብ አሥር ማሽን ገዝቶ ማወዳደር አይችልም፤ አንድ ተቋም ያወዳደረውን ግን ሚሊዮኖች ያነቡታል። እውቀቱ የሕዝብ ሀብት ስለሆነ ለብቻው የሚከፍልለት ገዢ የለም፤ ስለዚህም ተቋም ያስፈልገዋል።

ማሽኑ አዲስ አበባ ሲደርስ

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለቤተሰብ ዕቃ ሲልኩ ይህ ታሪክ ወደ አገር ቤት ይገባል። በአሜሪካ የተገዛ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልት ነው። በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ከ1,000 ዋት በላይ ለሚወስድ ማሽን የሚበቃ ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ ነው። በአውሮፓ የተገዛው ይህ ችግር የለበትም፤ ከረጢቱ፣ ማጣሪያውና ቱቦው ግን ያልቃል ወይም ያረጃል። መለዋወጫው በአቅራቢያ ካልተገኘ ማሽኑ ከቁም ሣጥን ኋላ ይቀመጣል። በባትሪ የሚሠራው ከሆነ ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የወለሉ ጉዳይ አለ። ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ ወይም የላስቲክ ምንጣፍ ላለበት ቤት መጥረጊያና መወልወያ ይበቃሉ፤ ማሽኑ የተፈለሰፈው ለምንጣፍ አገር ነው።

ምንጣፍና ሶፋ ያላቸው የአዲስ አበባ ቤተሰቦች ደግሞ በዓል ሲደርስ የሶፋና ምንጣፍ አጣቢዎችን ይጠራሉ። አጣቢዎቹ ማሽናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሞተሩም ጥገናውም የእነርሱ ነው፤ በደንብ ካላጠቡ ዳግመኛ አይጠሩም። ይህ የቡዝ ቀይ ጋሪ አሠራር ነው። የጽዳት ሥራን ቅጥር፣ ለጀማሪ ነጋዴም መተዳደሪያ የሚያደርግ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከለንደን የ1902 ባለጸጋ ይልቅ ለአዲስ አበባው መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ የበለጠ ሊስማማ ይችላል። ወንድምና እህት ለእናታቸው ማሽን ከመላክ የአጣቢ ክፍያ ቢልኩ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የኢትዮጵያ ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ቁጥሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ድንጋጌ በኋላ ነው። መረጃው ትክክል መሆኑን ማን ለክቶ ያረጋግጣል? በማን ገንዘብ? በባዶ ማጠራቀሚያ ወይስ በሞላ? ገለልተኛ መለኪያ የሌለው የመረጃ መብት ሸማቹን ወደ ሻጩ ቃል መልሶ ይጥለዋል።

እስከዚያው ድረስ ገዢው የራሱን ሚዛን መያዝ ይችላል። ለማሽኑ የተጠየቀው ዋጋ ላይ የአምስት ዓመቱን ከረጢት፣ ማጣሪያና ባትሪ መደመር፣ የዋቱን ቁጥር ትቶ ገለልተኛ ፈተና በተጫነ ማሽን ላይ ያገኘውን ውጤት መፈለግ፣ መለዋወጫው በሚኖርበት ከተማ መኖሩን መጠየቅ ይቻላል። በመጨረሻም ማሽኑን የምትገፋውን ሰው ወደ መደብሩ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ክብደቱን በእጇ አንሥታ የምትናገረው ነገር በየትኛውም መለያ ላይ ተጽፎ አያውቅም።